ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

ከአይሰል ወንዝ ዳርቻ፣ ካምፐን በምትባል፣
ከሉበርት ዘር መሸጫ፣ ከጓሮው ክፍል መኻል፣
አሥራ አንድ ሰው ተሰበሰበ፣ የሽንኩርት ዘር እየሸተተ፤
ሉበርት ቆቡን አውልቆ መዝሙረ ዳዊቱን ከፈተ።
እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እርሳስ ይዤ ከጥግ።
«ሂልትየ፣ ጻፊ» አሉኝ፤ ጻፍኩ፦ ስም፣ ሰዓት፣ አጀንዳ፣ ሕግ።

ዓላማው አጭር ነበር፦ እሑድ ሱቅ ይዘጋ፣
ለድኻ ቤት ይቅለል የከሰሉ ዋጋ፣
መንግሥት እጁን ይዘርጋ ለተቸገረ ሲያበድር፣
ይሰብስበው ደግሞ ሲደርስ ከጓዳችን ድንበር።
«ቀኝ ናችሁ ወይስ ግራ?» ብሎ ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ፣
ሉበርት ቀደመኝና፣ «እንደ ማረሻ ነን» አለው፤
«መሥመሩ ቀጥ፣ አፈሩ በቀኝ።»

አንድ ወንበር። ከዚያ ሦስት። ቀጥሎ ሚኒስትር ከኛ ወጣ፤
ያ የጀልባ ጠጋኙ ልጅ፣ ኤቨርት፣ በጥቁር መኪና መጣ።
እናቱ ከደጅ ቆማ ጫማውን አየች፤ ጭቃ የለውም።
«እናንተ ዘንድ አይዘንብም እንዴ?» አለችው።
ይህን አልጻፍኩትም።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን አግዳሚ ይሰፋ ጀመር፤
ሰው ሲያንስ ነው አግዳሚ የሚሰፋ። የአባል መዝገቤም እንዲያው ነበር፤
ከስም ግራ የምሥላት ትንሽ መስቀል «ዐርፏል» ማለቷ ነው፤
ከምርጫ ወደ ምርጫ ገጹን ሁሉ መስቀል ሞላው፤
እንዲህ ያለ ክርስቲያን ፓርቲ፣ ሉበርትም አላለመው።

የወንዝ ማዶ ካቶሊኮችም ያው ሆኖ ነበር ቁጥራቸው።
ሦስት ትውልድ ዳቦ አልገዛንም ከዳቦ ቤታቸው፤
እነሱም ጥርስ ሲያማቸው የኛን ሐኪም ደጅ አልፈው፣
ዝወለ ድረስ ይሄዱ ነበር ጉንጫቸውን በሻርፕ ደግፈው።
ሒሳብ ግን ሃይማኖት የለው።

የመጀመሪያው እራት። ሾርባው ቀረበ። ማን ይጸልይ?
በረደ የአተሩ ሾርባ፣ ማንኪያ ይዘን ስንተያይ።
ዊሮ፣ የማዶው ሊቀ መንበር፣ አማተበና ሣቀ፤
ሉበርት አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በሌላው እሱን ጠበቀ።

ስም ላይ ሦስት ሌሊት ፈጀን። «ክርስቲያን» ይቅር ወይስ ይቆይ?
አንድ አማካሪ መጣ ከሄግ፣ ሰንጠረዥ ይዞ በእጁ፦
«ቃሉ ወጣት ያስደነግጣል።»
ያኮባ፣ የሰማንያ ዓመቷ፣ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች፤
«እኔንም ያስደነግጠኛል፤
ለዚያ ነው የያዝሁት» አለችው ለልጁ።

«ውሕደት ነው» ተባለ፤ ቱሳሔ የለበት፣ ሚጠት የለበት፣ ብለው ማሉ፤
«ከሁለት አንድ እንሆናለን፣ አንዳችንም ሳንጐድል» አሉ።
የገንዘብ ያዡን ሣጥን ግን ሁለት ቁልፍ አሠሩለት፤
አንዱ ለማዶ፣ አንዱ ለኛ። (ይኸኛው ቃለ ጉባኤ ላይ አለበት።)

ድምፅ ተሰጠ። የደገፉ፣ ስልሳ አንድ። የተቃወሙ፣ ስልሳ።
የቈጠርኩት እኔ ነኝ፤ የራሴን እጅ ግን ረሳሁት፣
ብዕር ጨብጦ ከወረቀቱ አልተነሣ።
ረሳሁት እላለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲያ ብያለሁ።
ሉበርት አየኝ፤ ምንም አላለኝ።

«ጉባኤው በአራት ሰዓት ከሩብ ተዘጋ» ብዬ ስፈርም፣
ሁለቱ ሽማግሌዎች ወንበር ሲደራርቡ ተጣሉ፤
አንዱ፣ «ከስድስት በላይ አይከመርም»፣
አንዱ፣ «እኛ ዘንድ እስከ ስምንት ነው»፤
መብራቱን ሳጠፋባቸው ገና ይካሰሱ ነበር በጨለማ።

አሁን ጽሕፈት ቤቱ መስታወት ነው። ስብሰባ ሲጀመር
መዝሙሩ አንድ ደቂቃ ዝምታ ሆኗል፤ ዝምታውም ያጥራል ዘንድሮ፤
የአጀንዳው ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል ደቂቃው ሳይሞላ ተጀምሮ።

በዚያች ሌሊት ማግስት ድልድዩን ተሻገርኩ፣
ከማዶ ዳቦ ገዛሁ፣ ሻጯ ስሜን ሳትጠይቅ።
ጨው በዝቶበታል።
ድልድዩ መኻል ስደርስ ግማሹን ጨርሼዋለሁ።